በቱር ደ ፍራንስ ላይ በልክ መወራረድ፦ ከመነሻው ቀን በፊት ጀምሮ ፓሪስ እስኪደረስ የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

የእግር ኳስ ጨዋታ በዘጠና ደቂቃ ያልቃል። ቱር ደ ፍራንስ የተባለው የብስክሌት ውድድር ግን በ21 ዙሮችና በሁለት የዕረፍት ቀናት ተከፍሎ ሦስት ሳምንት ይዘልቃል፤ አብዛኛው የዕለት ውድድርም አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ርዝመት ለተመልካች ትልቅ ጸጋ ሲሆን ለተወራራጅ ግን ፈተና ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ የማስያዝ ዕድል በየቀኑ፣ ውድድሩ እየተካሄደ የሚደረገው የላይቭ ውርርድ ሲታከልበት ደግሞ በየኪሎ ሜትሩ ይከፈታል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 እ.ኤ.አ. ሦስት ዙሮችን አሸንፎ የነጥብ አሸናፊው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ከወሰደ ወዲህ ውድድሩን በፍቅር መከታተል የጀመሩ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል በውጤቱ ላይ ጥቂት ገንዘብ አስይዘው ማየት የሚፈልጉ አይጠፉም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነሱ ነው። የተመሠረተውም በአንድ አቋም ላይ ነው፦ የገንዘቡ ውሳኔ ውድድሩ ሳይጀመር በቁርጥ ያልቅ፤ በሦስቱ ሳምንታት ውስጥ የሚቀረው ሐሳብ ስለ ብስክሌቱ ብቻ ይሁን።

ከዚህ በፊት በቁማር ዕዳ ውስጥ ገብቶ የወጣ ወይም አሁንም በዕዳው ውስጥ ያለ ሰው ግን የትኛውንም ዓይነት ውርርድ እንዲሞክር አልመክርም። ሃይማኖቱ ወይም የቤቱ ሥርዓት ውርርድን የሚከለክለው አንባቢም ስለ ውድድሩ አነባበብና ያለ ገንዘብ ስለሚደረገው ጨዋታ የተጻፈውን ብቻ ቢወስድ ከደስታው ምንም አይጎድልበትም።

አንደኛ፦ በሚኖሩበት አገር የሚፈቀደውን ያረጋግጡ

በኢትዮጵያ የስፖርት ውርርድ ከመንግሥት የሎተሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ ድርጅቶቹ በብዛት የሚያቀርቡት እግር ኳስን ነው። ብስክሌት በዝርዝራቸው ውስጥ ከሌለ ፈቃድ ወደሌለው የውጭ ድረ ገጽ መሻገር መፍትሔ አይሆንም፤ ያሸነፉትን ገንዘብ ቢከለክልዎ አቤት የሚሉበት ደጅ የለምና። በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት ቁማር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ እዚያ የሚኖር ሰው በስልኩም ቢሆን አይሞክረው፤ ለጥቂት ገንዘብ ሲባል ኑሮንና ሥራን አደጋ ላይ መጣል አይገባም። በእስራኤል ሕጋዊው የስፖርት ውርርድ በስፖርት ውርርድ ምክር ቤቱ ሥር «ዊነር» በሚለው ስም የሚካሄደው ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከ2018ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ጉዳዩ ለየግዛቱ ስለተተወ በቨርጂኒያ የተፈቀደው በቴክሳስ አይፈቀድም፤ ዝቅተኛው ዕድሜም በብዙዎቹ ግዛቶች 21 ዓመት ነው። በብሪታኒያ 18 ነው።

ሁለተኛ፦ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት ይወስኑ

መወሰን ያለበት መጠን ሙሉ በሙሉ ቢበላ የቤት ኪራዩ፣ አስቤዛው፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዕቁቡ ወይም ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ በአንድ ቀን እንኳ የማይዘገይበት መጠን ነው። «ቢበላ» ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም፤ ስሌቱን ሲያደርጉ ገንዘቡ ከወዲሁ እንደወጣ አድርገው ይያዙት። ለመዝናኛ የከፈሉት ዋጋ ነው፤ የሚመለስ ነገር ካለ ትርፍ ነው።

ለምሳሌ 2,100 ብር ወስነዋል እንበል። ለ21 ዙሮች ሲከፋፈል በቀን 100 ብር ይደርሳል ማለት ነው። ይህን መቶ ብር በሁለት ከፍለው በአንድ ውርርድ የሚይዙትን መደብ 50 ብር ያድርጉት። በዕለቱ የሚያሳምን ነገር ካላገኙ አይወራረዱ፤ ያልተነካው መቶ ብርም ወደ ነገ አይዛወር፣ ኪስዎ ውስጥ ይቅር። ይህችን ሕግ ብዙዎች እንደ ጥቃቅን ነገር ያልፏታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ዋጋ እሰጣታለሁ። ገንዘቡ የሚዛወር ከሆነ በሁለት ቀን ትዕግሥት የተጠራቀመው በሦስተኛው ቀን በአንድ ስሜታዊ ውርርድ ላይ ይወድቃልና።

ገንዘቡን ከደመወዝ አካውንት ለይተው ያስቀምጡ። የውርርዱ መተግበሪያ የቀንና የሳምንት ገደብ ማስቀመጫ ካለው ከመነሻው ቀን በፊት ይሙሉት። የባንክ ካርድዎን ቁጥር በመተግበሪያው ውስጥ አያስቀምጡ፤ ገንዘብ ለመጨመር በፈለጉ ቁጥር እንደገና መጻፍ ማስገደዱ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። በብድር መወራረድ ፈጽሞ አይገባም፤ በቴሌብር መላም ይሁን በእንደኪሴ፣ ከጓደኛም ይሁን ከዱቤ ካርድ የተወሰደ ገንዘብ ለዚህ አይውልም። ብሪታኒያ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በዱቤ ካርድ መወራረድን የከለከለችው ያለ ምክንያት አይደለም።

«የመጀመሪያውን ገንዘብ ሲያስገቡ እጥፍ እንሰጥዎታለን» የሚለውን ስጦታ ከመቀበልዎ በፊት ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ያንብቡ። ብዙውን ጊዜ የተሰጠው ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በእጥፍ ድርብ ተመልሶ እንዲወራረዱበት የሚያስገድድ ሁኔታ አለው፤ እንዲህ ያለው ስጦታ በጥንቃቄ የተከፋፈለውን በጀትዎን ያፈርሰዋል።

ሦስተኛ፦ የኦድን ሒሳብ በእጅዎ ይሥሩ

ኦድ፣ ማለትም ቢያሸንፉ ያስያዙት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር፣ ሁለት ነገር ይነግራል፤ ቢያሸንፉ የሚከፈልዎትንና አወራራጁ ለዚያ ውጤት የሰጠውን የዕድል ግምት። ግምቱን ለማግኘት 100ን ለኦዱ ያካፍሉ። ኦዱ 5.00 ከሆነ 20 በመቶ ነው፤ 20.00 ከሆነ 5 በመቶ ነው።

አሁን ሁለት ብስክሌተኞች ብቻ የሚነጻጸሩበትን ውርርድ እንውሰድ። ማን ቀድሞ ይገባል ለሚለው ጥያቄ ለሁለቱም 1.85 ተሰጥቷል። 100ን ለ1.85 ብናካፍል 54.05 ይወጣል፤ የሁለቱ ድምር 108.1 ነው። እውነተኛ ዕድል ከ100 ሊበልጥ ስለማይችል፣ ከመቶ በላይ ያለው ትርፍ የአወራራጁ ድርሻ ነው። የሁለቱ ዕድል በእርግጥ እኩል ቢሆን፣ 100 ብር ያስያዘ ሰው በረጅም ጊዜ በአማካይ የሚመለስለት 92 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ከ170 በላይ ብስክሌተኞች በተሰለፉበት «የዕለቱ አሸናፊ ማን ነው» በሚለው ውርርድ ላይ ይህንኑ ድምር ቢሠሩት ከ108 እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ማግኘትዎ የተለመደ ነው። አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ደምረው ይዩት፤ ከየትኛውም ምክር የበለጠ ያስተምራል።

ጥምር ትኬት ይህንን ድርሻ ያባዛዋል። ከላይ ያየነውን ዓይነት አምስት ውርርዶች በአንድ ትኬት ቢያጣምሩ፣ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው ወደ 68 ብር ይወርዳል። በትኬቱ ግርጌ የሚታየው ትልቅ ቁጥር ዓይን የሚስበውን ያህል፣ የሚያስከፍለውም ብዙ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ እሱም በትክክል እየመረጡ እንኳ ለረጅም ጊዜ መበላት እንደሚያጋጥም ነው። በየዙሩ እውነተኛ ዕድሉ 5 በመቶ የሆነ ብስክሌተኛ እየመረጡ በ21ዱም ቀን ቢወራረዱ፣ አንድም ሳይሳካልዎ ፓሪስ የመድረስ ዕድልዎ 34 በመቶ ገደማ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በዐሥረኛው ቀን «ዛሬስ የእኔ ተራ ነው» ብሎ መደቡን አይጨምርም። ተራ የሚባል ነገር የለም።

አራተኛ፦ ውድድሩን ማንበብ ይማሩ

ደስታው ያለው እዚህ ስለሆነ በዚህ ክፍል ላይ ረጋ ብለው ይቆዩ። የእያንዳንዱ ዙር መንገድ ከወራት በፊት ይታተማል፤ የዳገቱን ከፍታና ርዝመት፣ በተለይም የመጨረሻዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች የሚያሳየውን ሥዕል አስቀድመው ይመልከቱ።

ሜዳማ ዙሮች የስፕሪንተሮች፣ ማለትም በመጨረሻው ሽቅድምድም የሚፈጥኑት ብስክሌተኞች፣ ናቸው። ዋናው ቡድን፣ ማለትም ፔሎቶን፣ ተገንጥለው የወጡትን በመጨረሻ ይዞ ይደርስና አጋሮቻቸው እስከ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ከነፋስ ከልለው የሚያመጧቸው ፈጣኖች ይለያሉ። ስለዚህ የሰውየውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የሚጎትቱለትን አጋሮች ማንነት ይመርምሩ፤ አንድ ቁልፍ አጋር ከወደቀ የተወዳጁ ዕድል ይቀንሳል። ሜዳ ቢሆንም የጎን ነፋስ ካለ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በ2025 ሊል ከተማ ላይ በተጠናቀቀው የመክፈቻ ዙር ነፋሱ ፔሎቶኑን ከፋፍሎት ያስፐር ፊሊፕሰን አንደኛ፣ ቢንያም ሁለተኛ ሲወጡ፣ ለአጠቃላይ ውጤት (የዙሮቹ ሰዓት ሁሉ ተደምሮ ለሚገኘው) የታሰቡት ሬምኮ ኤቨኔፑልና ፕሪሞዝ ሮግሊች በመጀመሪያው ቀን 39 ሰከንድ አጡ። ያው ፊሊፕሰን ከሁለት ቀን በኋላ አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ሳለ ወድቆ ከውድድሩ ወጣ።

መውደቅ የዚህ ስፖርት አካል ነው። በ2024 ቢንያም ቱሪን፣ ኮሎምቤ ሌ ዴ ዜግሊዝ እና ቪልነቭ ሱር ሎ ላይ ካሸነፈ በኋላ፣ በ16ኛው ዙር ኒም ሊገባ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀረው ወደቀ፤ ዙሩን ፊሊፕሰን ወሰደው። ቢንያም ግን ተነሥቶ ማሊያውን የዚያ ዓመት ውድድር እስካበቃበት እስከ ኒስ ይዞ ጨረሰ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የዕለት አሸናፊ ላይ የሚደረግ ውርርድ ከሰው ብቃት ውጭ በሆነ ምክንያት በሰከንድ ውስጥ ሊበላ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ የአረንጓዴው ማሊያ ውጤት በሳምንታት የሚጠራቀም ነጥብ ስለሆነ አንድ መጥፎ ቀንን እንደሚችል ነው። የሜዳ ዙር አሸናፊ 50 ነጥብ፣ የከባድ ተራራ ዙር አሸናፊ ደግሞ 20 ነጥብ የሚያገኙበት አሠራርም ማሊያው በአብዛኛው ወደ ስፕሪንተሮች እንዲያደላ ያደርጋል።

በመካከለኛ ዳገትና በተራራ ዙሮች የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ተገንጥለው የሚወጡትን ማን ያሳድዳቸዋል? በአጠቃላይ ውጤት ሠላሳ ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ ብስክሌተኛ ቢያመልጥ የአጠቃላይ ውጤት መሪው የሚለብሰውን ቢጫ ማሊያ የያዘው ቡድን አይጨነቅም፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ የቀረው ቢያመልጥ ግን ወዲያው ይያዛል። ስለዚህ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ብዙ ሰዓት ያጡ ጥሩ ዳገት ወጪዎችን ስም በማስታወሻዎ ይያዙ። የተገንጣዮች ቡድን ከተናቀ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ የሴቶች ውድድር ታይቷል፤ ኦስትሪያዊቷ አና ኪዘንሆፈር አምልጣ ስታሸንፍ፣ ሁለተኛ የገባችው የኔዘርላንድስ ተወዳዳሪ ወርቁን ያገኘች መስሏት እጇን አንሥታ ነበር።

የሰዓት ውድድር፣ እያንዳንዱ ብቻውን የሚጋልብበት ክሮኖ፣ ከሁሉም በተሻለ የሚገመት ነው ይባላል። ቢሆንም በ2020 ሮግሊች ቢጫ ማሊያ ለብሶ በ57 ሰከንድ እየመራ ወደ ላ ፕላንሽ ዴ ቤል ፊይ የሰዓት ውድድር ገብቶ፣ ከፍጻሜው አንድ ቀን በፊት ቱሩን ለታዴይ ፖጋቻር አስረክቧል።

የቆየ ልማድንም አይመኑ። የፓሪሱ የመጨረሻ ዙር ለዓመታት የስፕሪንተሮች በዓል ሆኖ ቆይቷል፤ በ2025 ግን አዘጋጆቹ የሞንማርትርን ዳገት ጨመሩበትና ዎውት ቫን አርት አጥቅቶ ብቻውን ገባ። የዚያን ዓመት ሥዕል ያላየ ሰው ገንዘቡን ያስያዘው በትዝታ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

አምስተኛ፦ የውርርዱን ዓይነት መርጠው ደንቡን ያንብቡ

ለጀማሪ የምመክረው የሁለት ብስክሌተኞችን ንጽጽር ነው። የአወራራጁ ድርሻ ከሌሎቹ ያንሳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰባኛ እስከ ሰባ አምስተኛ የሚደረገውን ፍልሚያ ሳይቀር በጉጉት ያሳይዎታል። የአጠቃላይ አሸናፊ ውርርድ በአንድ መደብ ሦስት ሳምንት የሚያቆይ ስለሆነ ለደስታ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የመረጡት ሰው በሦስተኛው ቀን ቢወጣ ገንዘቡ እንደማይመለስ ይወቁ።

ገንዘብ ከማስያዝዎ በፊት በደንቡ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎችን ይፈልጉ። የመረጡት ሰው ጭራሽ ባይነሣ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? በንጽጽሩ ካሉት አንዱ ቢያቋርጥ ውርርዱ እንዴት ይቆጠራል? ውጤቱ በኋላ ቢሰረዝስ? አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ በቱሩ ከ1999 እስከ 2005 ያገኛቸውን ሰባት ድሎች የተነጠቀው በ2012 ነበር፤ አወራራጆች ግን ብዙውን ጊዜ ሒሳብ የሚዘጉት በዕለቱ መድረክ ላይ በታየው ውጤት ነው።

ስድስተኛ፦ መዝገብ ይያዙ

ተራ ደብተር ይበቃል። ከማስያዝዎ በፊት እንዲህ ይጻፉ፦ «ዙር 6፤ 50 ብር፤ ሀ ከለ ይቀድማል፤ ኦድ 1.85፤ ምክንያት፦ መጨረሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው፣ ለ ደግሞ ትናንት ወድቋል።» ሲመሽ «በላሁ» ወይም «ተበላሁ» የሚለውን ይጨምሩ። የ«ምክንያት» ቦታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መሙላት ካልቻሉ ያን ዕለት አይወራረዱ። «ደስ ስላለኝ» ምክንያት አይደለም፤ ቢንያምን ስለምንወደው በየዙሩ እሱ ላይ ማስያዝም እንደዚሁ። ፍቅሩን በጩኸት እንግለጸው።

ሰባተኛ፦ በውድድሩ ሰዓት የሚጠበቅ ጥንቃቄ

ዙሮቹ ብዙውን ጊዜ የሚጠናቀቁት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ውርርድዎን ከመነሻው በፊት ጨርሰው ስልክዎን ያስቀምጡ። የላይቭ ውርርድን ጨርሶ እንዲተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። በቴሌቪዥን የሚያዩት ምስል ከመንገዱ በብዙ ሰከንዶች ይዘገያል፤ እርስዎ ያዩትን መውደቅ ወይም ማምለጥ አወራራጁ ቀድሞ አውቆት ኦዱን ቀይሮታል። ከዚህም በላይ አምስት ሰዓት ሙሉ ጣት ስልክ ላይ ሆኖ የሚታይ ውድድር አይታይም፤ ዓይን ቁጥሩ ላይ ይተከላል፣ ተራራው ያመልጣል።

የተበላውን ለማስመለስ መደብ ማጠፍ ሌላው አደጋ ነው። በ50 ብር ጀምሮ በተበላ ቁጥር እጥፍ የሚያደርግ ሰው በተከታታይ ሰባት ጊዜ ቢበላ 6,350 ብር ወጥቶበታል፤ ስምንተኛው ብቻውን 6,400 ብር ይጠይቀዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ 50 ብር ለማትረፍ ነው።

በቴሌግራም «የተረጋገጠ ውጤት» እንሸጣለን የሚሉትንም አይስሟቸው። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ለግማሹ ሰው «ሀ ያሸንፋል»፣ ለግማሹ «ለ ያሸንፋል» ብለው ይልካሉ፤ የደረሰለት ወገን አምኖ ለሚቀጥለው ይከፍላል።

ስምንተኛ፦ ጨዋታውን ከወዳጅ ጋር ያድርጉት

ያለ ገንዘብ የሚደረግ ውድድር ከገንዘቡ ባልተናነሰ፣ እንደ እኔ እምነት በበለጠ ያስደስታል። አምስት ስድስት ሆናችሁ የጋራ ሰንጠረዥ አዘጋጁ። ሁሉም ሰው በየዙሩ ከመነሻው በፊት አንድ ብስክሌተኛ ይጻፍ፤ አንደኛ ከወጣ አምስት፣ ሁለተኛ ሦስት፣ ሦስተኛ አንድ ነጥብ ይያዝለት። አንድን ብስክሌተኛ በጠቅላላው ውድድር ከሦስት ጊዜ በላይ መምረጥ ይከልከል፤ ይህ ደንብ ሁሉንም ሰው ፖጋቻርን ብቻ ከመጻፍ አውጥቶ ዳገት ወጪዎቹን፣ ተገንጣዮቹንና ያልታወቁትን እንዲያጠና ያስገድዳል። በዕረፍቱ ቀን በነጥብ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ቡና ያፍላ፤ ቆሎውንም እሱ ያቅርብ። አዲስ አበባና ስቶክሆልም ለተራራቁ ጓደኛሞች ሰንጠረዡ በስልክ ይዘዋወራል፤ ቡናው በዓመቱ ሲገናኙ ይከፈላል።

ዘጠነኛ፦ ማቆም የሚገባዎትን ጊዜ ይወቁ

ከወሰኑት ገንዘብ በላይ አንድ ጊዜ እንኳ ከጨመሩ፣ የተበላውን መጠን ለባለቤትዎ ወይም ለቤተሰብዎ መደበቅ ከጀመሩ፣ ሌሊት ስለ ኦድ እያሰቡ እንቅልፍ ካጡ፣ ወይም ስሙን በማያውቁት ውድድር ላይ ሲያስይዙ ራስዎን ካገኙ፣ ዙሩ ስንተኛም ቢሆን ለዚህ ዓመት እዚያ ላይ ያቁሙ። ለሚያምኑት አንድ ሰው ዛሬውኑ ይንገሩ፤ የሞባይል ባንኩንም ለጊዜው እሱ ወይም እሷ ይያዙት። በብሪታኒያ ጋምስቶፕ፣ በስዊድን ስፔልፓውስ፣ በኔዘርላንድስ ክሩክስ፣ በጀርመን ኦአሲስ የተባሉት መዝገቦች አንድ ጊዜ ሲመዘገቡባቸው ፈቃድ ካላቸው አወራራጆች ያግዱዎታል። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በሌሎች ጤና ተቋማት ያሉ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ማነጋገር ይችላል። የቁማር ሱስ የሚታከም የጤና ችግር ስለሆነ ማፈር አያስፈልግም።

ዐሥረኛ፦ ከፓሪስ በኋላ ሒሳቡን ይዝጉ

በውድድሩ ማግስት ደብተርዎን አውጥተው ያስያዙትን ጠቅላላ ገንዘብና የተመለሰልዎትን ይደምሩ። ልዩነቱን ውድድሩን ላዩባቸው ቀናት ያካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር በቀን ለመዝናኛው የከፈሉት ነው፤ አትርፈው ከሆነም ቁጥሩን የችሎታ ማረጋገጫ አድርገው አይውሰዱት፤ 21 ዙር ለዚያ አይበቃም። ቀጥሎ «ምክንያት» ብለው የጻፏቸውን ብቻ ውጤታቸውን ሳያዩ ያንብቧቸው፤ የትኞቹ በመንገዱ ሥዕልና በዜና ላይ እንደቆሙ፣ የትኞቹ በስሜት እንደተጻፉ ይለያሉ። በመተግበሪያው ውስጥ የቀረውን ገንዘብ ሁሉ አውጥተው ወደ አካውንትዎ ይመልሱ፤ መተግበሪያውንም ከስልክዎ ያጥፉት። የስፔኑ የብስክሌት ውድድር ቩኤልታ የሚነሣው በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ስለሆነ፣ ለእሱ የሚሆን ገንዘብ ካለ የቤቱ የነሐሴ ወጪ ከተሸፈነ በኋላ በአዲስ ገጽ እንደገና ይወሰናል።